አራተኛው ጉድጓድ

አራተኛው ጉድጓድ ውስጥ መግባት የነበረበት አልኮል ነው። እኔ ውኃ ጨመርኩበት። ስህተቱ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ የእኔ ጉድ ነው።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ቅጠል፣ ሥርና ልጣጭ እሰበስባለሁ፤ ጥላ ላይ አደርቃለሁ፣ እፈጫለሁ፣ አልኮል ውስጥ እዘፈዝፋለሁ። ቅጠሉ ያለውን ለአልኮሉ ከሰጠ በኋላ አጠልለውና አልኮሉን በሙቀት አተነዋለሁ። ከታች የሚቀረውን ዝቃጭ በውኃ አሟሙቼ ባክቴሪያ ላይ እሞክረዋለሁ። መሞከሪያው ክብ ሳህን ነው፤ ውስጡ እንደ ጄሊ የረጋ የባክቴሪያ ምግብ አለ። ምግቡ ላይ ቁስል የሚያመረቅዘውን ባክቴሪያ እቀባና በትንሽ ቱቦ አራት ጉድጓድ እበሳለሁ። ሁለቱ ውስጥ የቅጠሉ ጭማቂ ይገባል፣ ሦስተኛው ውስጥ ከመድኃኒት ቤት የመጣ አንቲባዮቲክ፣ አራተኛው ውስጥ ደግሞ ጭማቂው የተሟሟበት ፈሳሽ ብቻውን። አድሮ ሲታይ ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ጉም ሸፍኖት ይገኛል። አንዱ ጉድጓድ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ካለ፣ እዚያ የገባው ነገር ባክቴሪያውን አላስጠጋውም ማለት ነው። አራተኛው ጉድጓድ ዙሪያ ቀለበት ከታየ ግን ባክቴሪያውን ያባረረው ማሟሚያው ነው፤ ቅጠሉ የለበትም።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስልሳ አንድ ዕፅዋት ሞክሬያለሁ። አብዛኞቹ ምንም አላደረጉም። ጥቂቶቹ ማስመሪያ ካላስጠጉባት የማትታይ ቀለበት አሳይተውኝ፣ ስደግማቸው ጠፉብኝ። «አይሠራም» የሚለውም ውጤት ነው እያልኩ ለሰው አስረዳለሁ። ራሴን ግን አሳምኜው አላውቅም። በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴ ቤት ምሳ ስበላ፣ ባሏ «እህሳ፣ ሾርባው አልደረሰም?» ሲለኝ ትሪው ላይ አቀረቅራለሁ።

የእህቴ ባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ተሳፋሪ ሲያስቅ ስለኖረ ግን የቀልድ ፍሬን የት እንደሚያዝ አያውቅም። ለእኔ «ሣር ቀቃዩ» የሚል ስም አውጥቶልኛል፤ ስሙ ከእሱ አልፎ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ እኔው ጆሮ ላይ ተመልሶ መጥቷል። እኔ ደግሞ ቀልድ የምችል ሰው አይደለሁም። ከንፈሬ ይስቃል፣ ሆዴ ይቆጥራል።

እህቴ ልብስ ሰፊ ነች፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን አልነቀልኩም ነበር። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የሰፋችው እሷ ነች፤ ዲግሪዬንም ያቺን የእግር ፔዳል እየረገጠች የሰፋችልኝ እሷ ነች ማለት ይቻላል። ዛሬ መሐል አናቴ ተመልጦ፣ በመነጽር እያነበብኩ እንኳ «ማሙሽ» ነው የምትለኝ። ባሏ ሲቀልድብኝ መቀሷን ሳታስቀምጥ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ያኔ ዝም ይላል።

የእህቴ አጥር ላይ አንድ ሐረግ አለ። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ሲቆርጡት የሚያጣብቅ ወተት ያወጣል። እናታችን ጉልበታችን ሲላጥ እሱን ነበር የምትቀባን። እህቴ «እሷን ለምን አትሞክራትም?» ስትለኝ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን አንዴ «እሺ»፣ አንዴ «በኋላ» እያልኩ አሳልፌያታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር የእህቴን አጥር ቅጠል ይዞ ላቦራቶሪ መግባት አሳፍሮኝ ነው። የተማረ ሰው የሚያፍርበት ነገር ይገርማል። በመጨረሻ ዝርዝሬ ውስጥ ያለው ሲያልቅ ቅጠሉን ለቅሜ ሄድኩ። ስልሳ ሁለተኛ ሆነ።

ይኼ ቅጠል እንደሌሎቹ አልሆነም። አልኮሉ ከተነነ በኋላ የቀረው ዝቃጭ እንደ ማስቲካ ሆኖ ውኃ ውስጥ አልሟሟ አለ። ዓርብ ከሰዓት ነበር። ብወዘውዘው፣ ባሞቀው እምቢ ሲለኝ መልሼ አልኮል አፈሰስኩበት፤ ወዲያው ሟሟ። ሦስት ሳህን አዘጋጅቼ ጉድጓዶቹን ሞላሁ። አራተኛው ጋ ስደርስ እጄ ስልሳ አንድ ጊዜ የለመደውን አደረገ፤ ወደ ውኃው ብልቃጥ ሄደ። አእምሮዬ አብሮት አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሳህኖቹ ያደሩበትን ማሞቂያ ሣጥን ስከፍት ሦስቱም ላይ በጭማቂው ጉድጓዶች ዙሪያ አሥራ ሰባት ሚሊሜትር ቀለበት ጠበቀኝ። የመድኃኒት ቤቱ ሃያ ሁለት ነበር። የአራተኛው ጉድጓድ ዙሪያ ደግሞ ድፍን፣ ባክቴሪያው እስከ አፋፉ ሞልቶታል። ማስመሪያውን አራት ጊዜ አስጠጋሁ። ፎቶ አነሳሁና ለኃላፊያችን ላክሁለት። ኃላፊያችን በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ይኼም ሲቆጠቁጠኝ የኖረ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ትልቅ ነገር ነው! ለምርምር ስብሰባው አቀርበዋለሁ» ብሎ መለሰልኝ።

ምሳ ላይ ስልኬን አውጥቼ ሳህኑን አሳየኋቸው። እህቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ቀለበቱ የቱ እንደሆነ፣ ጉሙ ምን እንደሆነ ነገርኳት። «ይቺ የእኔ ነች?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። ሾፌሩ እንኳ ለአፍታ ቀልድ አጠረው።

ያን ጊዜ የእህቴ እግር በፋሻ ታሽጎ ነበር። ስኳር አለባት፤ እግሯ ስለሚደነዝዝ ከጠረጴዛው የወደቀ የስፌት መርፌ ረግጣ ሁለት ቀን ሳታውቀው ሄዳበታለች። አውራ ጣቷ ሥር ቆስሎ፣ ክሊኒኩ ለአሥር ቀን የአንቲባዮቲክ መርፌ አዞላት ገና አራቱን ነበር የወሰደችው። ይኼን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ደረቴን ነፍቼ እንዲህ አልኩ፦

«የመድኃኒት ቤቱን ሊደርስበት እኮ ምንም አልቀረውም።»

ሾፌሩ ቀልዱ ተመለሰለት። መድኃኒቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሚስቱ ለምን በየቀኑ ተሰልፋ እንደምትወጋ ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ከልቤ የሳቅሁት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

ሰኞ ዕለት ላቦራቶሪ ደርሼ ገና ነጭ ጋውኔን ሳልቆልፍ፣ ዕቃ የሚያጥቡልን እናት አንድ ብልቃጥ ይዘው መጡ። ብዙ የማይናገሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ዕቃውን ግን በማሽተት ያውቁታል። ብልቃጡን አፍንጫቸው ጋ አስጠግተው፣

«ልጄ፣ ሌሎቹ ጭማቂዎችህ አይሸቱም። ይኼኛው ግን አልኮል አልኮል ይላል» አሉኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። ቅዳሜና እሁድን በሙሉ ሰው ሲያመሰግነኝ ከርሜ፣ ዕቃ አጣቢ ሥራዬን ልታርምልኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። «እርስዎ ብልቃጥዎን ይጠቡ» አልኳቸው። ተማሪዎቹ አጎነበሱ። እሳቸው «እሺ» ብለው ወደ ገንዳቸው ተመለሱ። ውኃው ሲንሿሿ እየሰማሁ ቆሜ ቀረሁ፤ እጄ የሄደበት ሁሉ ያኔ አንድ በአንድ ታየኝ።

ማንም ሳያየኝ አንድ ሳህን አወጣሁና አንድ ጉድጓድ ብቻ በስቼ አልኮል ሞላሁበት። ቅጠል የሚባል የለበትም። ማክሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ቀለበቱ አሥራ ስድስት ሚሊሜትር ነበር።

እዚያው ቆሜ ፊቴ ጋለ፤ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ሳህኑን ከሚቃጠለው ቆሻሻ ሥር ቀበርኩት። ከዚያ ለራሴ አንድ ደህና የሚመስል ምክንያት ፈጠርኩ፦ በደንብ ሳልደግመው ምን ብዬ እናገራለሁ? አንድ ሚሊሜትር ልዩነት አለ እኮ። ረቡዕ ጭማቂውን አልኮሉ ጨርሶ እስኪለቀው አደረቅሁት፤ ባክቴሪያ የማይጎዳ ሌላ ፈሳሽ ፈልጌ፣ ቀኑን ሙሉ ወዝውዤ አሟሟሁት። አራተኛው ጉድጓድ ውስጥም ያንኑ ፈሳሽ ጨመርኩ። ሐሙስ ጠዋት ባክቴሪያው አራተኛውንም፣ የቅጠሉን ጉድጓዶችም እኩል ሞልቷቸው አገኘሁት። ቀለበት የሚባል ነገር የለም። የእህቴ ሐረግ ከስልሳ አንዱ የተለየች አልነበረችም።

ዓይነ ጥላ እንዳለበት ሰው ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ግድግዳ ስሸሽ ዋልኩ። ኃላፊያችን በበሩ ሲያልፍ ስልክ የማናግር መሰልኩ። የታየኝ የቅዳሜው ምሳ ነበር። ሾፌሩ ሲሰማ ምን እንደሚል ሳስበው ቃል በቃል ይሰማኝ ነበር። ከእሱ የባሰው ደግሞ እህቴ ስልኩን በሁለት እጇ የያዘችው አያያዝ ነው።

የዚያኑ ዕለት ወደ ማታ ግድም እህቴ ደወለች። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ በልተህ ነው ወይ አለችኝ፣ ስለ ሰፈሩ አወራችኝ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ልማዷ ስላልነበረ መንቃት ነበረብኝ። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦

«ማሙሽ፣ ያቺ ሐረግ… መድኃኒትነቷ እውነት ነው አይደል?»

ልበ ቢስ ነኝ እንጂ፣ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለ ነገር አይጠይቅም። እኔ ግን የመሰለኝ ለጎረቤት ልታወራ ነው። ጠዋት ያየሁት ሳህን ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣

«እውነት ነው እታለም» አልኳት።

«ይኸው ነው የፈለግሁት» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ ምሳ አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ። ሰኞ ረፋድ ላይ የደወለልኝ ሾፌሩ ነው። ድምፁን አላወቅሁትም፤ ያ ሰውዬ ያለ ቀልድ ሲናገር ሰምቼው አላውቅምና። እግሯ መጥቆሩን፣ ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ ማደሯን፣ ወደ ሆስፒታል እየወሰዳት መሆኑን ነገረኝ። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ነርሷ ፋሻውን እየፈታች ነበር። ከፋሻው ሥር የተቀቀለ ቅጠል ወጣ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ነገሩን ያኔ ሰማሁ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ክሊኒክ አልሄደችም። ጠዋትና ማታ ቅጠሉን ቀቅላ ታጥብበትና ቀሪውን ታሽግበት ነበር። ሐሙስ ዕለት ቀላ ብሎ ሲያብጥባት ግራ ገብቷት፣ ወደ ክሊኒኩ ልመለስ ወይስ ልቀጥል ብላ ነው ለእኔ የደወለችው። ጥርጣሬዋ እንዳያስቀይመኝ ፈርታ ስለ እግሯ አላነሳችም። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ በዚህ ዓለም ላይ የእኔ ነገር የሚገዳት አንዲት ሰው ነበረችኝ፤ እሷን ነው እንግዲህ የጎዳሁት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቁስሉ ላይ ምን እንዳደረገች ጠየቃት። ትኩሳት እያንዘፈዘፋት ቀና አለች። «ወንድሜ ያገኘው መድኃኒት ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በመሣሪያ» አለችው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ወለሉን አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር፤ ሐኪሙ ያየኝ ግን ለአንዲት አፍታ ብቻ ነው፤ ሌላ ሥራ ነበረው።

ማክሰኞ ሁለት ጣቷን ቆረጡ። አውራ ጣቷንና ቀጥሎ ያለውን፣ የቀኝ እግሯን። ፔዳሉን የምትረግጥበት ያ ነው። ሐኪሙ፣ ቁስሉ ወደ ላይ ካልወጣ በዚህ ያበቃል፣ ከወጣ ግን እግሯ ራሱ ያሰጋል አለን።

ረቡዕ ጠዋት ኃላፊያችን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ውኃውን፣ አልኮሉን፣ የቀበርኩትን ሳህን። ስብሰባው ገና ስላልደረሰ ከአጀንዳው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሰረዘ፣ በቃ። «ጋሼ፣ ያጋጥማል፤ መዝገቡ ላይ በደንብ ይጻፉት» አለኝ። ዘጠኝ ቀን የፈራሁት ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስለ እህቴ አልነገርኩትም።

ከዚያ ወደ ገንዳው ሄድኩ። ዕቃ አጣቢያችን ክርናቸው ድረስ አረፋ ውስጥ ነበሩ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ያሉት ትክክል እንደነበር ነገርኳቸው። እጃቸውን ሳያወጡ ትንሽ አሰቡና «እኔ ደግሞ አፍንጫዬ አረጀ ብዬ ሰግቼ ነበር» አሉ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አፍንጫቸውን ሲጠራጠሩ ነው የከረሙት። እንዲያው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት ሆስፒታል ስሄድ ልነግራት ቆርጬ ነው። መንገዱን በሙሉ ቃል ስመርጥ ነበር። ክፍሉ አራት አልጋ አለው። እህቴ የተቆረጠ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ግን ተቀምጣ አገኘኋት። እኔን ስታይ ፈገግ አለች፤ አጠገቧ ላሉት በአገጯ እየጠቆመችኝ «ይኸው መጣ» አለች።

አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ጀርባቸው የቆሰለ በዕድሜ የገፉ እናት በደረታቸው ተኝተዋል። ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ የሆነ ነገር ይዛለች። ሽታውን በር ላይ ነበር ያወቅሁት። እህቴ ጠዋት ባሏን ልካ ቅጠል አስለቅማለች። የእሷ እግር ሳይጠፋ ሁለት ጣት ብቻ የሄደው በቅጠሉ ነው ብላ አምናለች፤ ይኼንኑ ለክፍሉ ሁሉ ነግራለች። ልጅቷ በአክብሮት ከወገቧ ዝቅ ብላ፣

«እርስዎ ነዎት ያገኙት? በቀን ስንት ጊዜ ልጠብላቸው? መርፌውስ ይቁም?» አለችኝ።

የመረጥኳቸው ቃላት ሁሉ በነኑ። ለእህቴ ጆሮዋ ላይ ዝቅ ብዬ የምነግራት ነበር የመሰለኝ። አሁን አራት አልጋ፣ አስታማሚዎች፣ በሩ ላይ መድኃኒት የምታድል ነርስ፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ ሾፌሩ፣ ሁሉም የእኔን አፍ ያያሉ።

«አይሠራም» አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፤ ደገምኩት። «ቅጠሉ አይሠራም። ባክቴሪያውን የገደለው የቀላቀልኩበት አልኮል ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መርፌውን እንዳታቋርጪ።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞርኩ፤ ፊቷን ማየት ስላልቻልኩ ፋሻውን እያየሁ ነው የተናገርኩት። «ሐሙስ ስትደውይልኝ አውቄ ነበር እታለም። ጠዋቱን አይቼው ነበር። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ሾፌሩ አንድ ቀልድ እንዲናገር የተመኘሁት ያኔ ነው። እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ልጅቷ ዕቃውን እንደያዘች እህቴን ታያለች። እህቴ ብርድ ልብሷን ቀስ አድርጋ አስተካከለች። ለደንበኛ ልብሱ አልደረሰም ስትል በምትናገርበት ረጋ ያለ ድምፅ፣

«ድፊው በይ የኔ ልጅ» አለቻት። «ወንድሜ መርምሮት ነው። አይሠራም ካለ አይሠራም።»

ልጅቷ ዕቃውን ይዛ ወጣች። ሌሎቹም ወደየበሽተኞቻቸው ተመለሱ፤ ሰው ለሰው ሲያፍር እንደሚያደርገው ትራስ ማስተካከል፣ ማንኪያ መፈለግ ጀመሩ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። አንድ ነገር እያሰላች እንደሆነ ገባኝ፤ ቀኖቹን ነበር የምትቆጥረው።

«ሐሙስ ዕለት» አለች በመጨረሻ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጣቴ እኮ ገና ቀይ ነበር።»

አላየሁትም ነበር። ቅዳሜም እንዳላፍር ብዬ ቤቷ ሳልሄድ ቀርቼ ነበር።